የወንጀል ሥፍራ ልኬትና የጋምቤላ ትምህርት

ወንጀል የተፈጸመበትን ሥፍራ ለክቶ ማቆየት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ አስቀድሞ የተጀመረ ሙያ ነው። ጀርመናዊው አልብሬኽት ማይደንባወር በ1858 እ.ኤ.አ. የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ለጥቂት ስለ ተረፈ፣ ሕንፃን በፎቶግራፍ የመለካትን ሐሳብ አፈለቀ። ከግማሽ ምእት ዓመት ገደማ በኋላም የፓሪስ ፖሊስ ባልደረባ አልፎንስ ቤርቲዮን በፎቶግራፍ መለካትን ለወንጀል ምርመራ አዋለው። ዛሬ ተደራራቢ ፎቶግራፎች ወይም የሌዘር መሣሪያዎች የሚሰጡት በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ በኮምፒዩተር ተቀናብሮ ሥፍራውን በርዝመቱ፣ በስፋቱና በከፍታው ያሳያል።

የዘዴው ጥቅም በፍርድ አደባባይ ታይቷል። በጀርመን የባቫሪያ ፖሊስ ባለሙያዎች የአውሽቪትስን ካምፕ ከቀሩት ሕንፃዎች፣ ከቀድሞ ፕላኖችና ከፎቶግራፎች ተነሥተው በኮምፒዩተር መልሰው ገነቡት። ሞዴሉም በ2016 እ.ኤ.አ. በቀድሞው ዘብ በራይንሆልድ ሃኒንግ ላይ በታየው ክስ አገለገለ፤ ዘቡ ከቆመበት ቦታ ምን ሊያይ ይችል እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልግ ነበርና።

ጋምቤላ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበራትም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በመኪና ይጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች በመገደላቸው፣ በዚያው ዕለት በከተማዪቱ በአኙዋክ ተወላጆች ላይ ግድያ ተፈጸመ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። ከወራት በኋላ የተቋቋመው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው ሲል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ቁጥሩ እስከ 424 ሊደርስ እንደሚችል ገለጸ።

ይህን ያህል ልዩነት በልኬት ብቻ ይፈታል ማለት አይቻልም። ሆኖም የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ፕላን የለውም፤ ከተቃጠለ በኋላ አመዱን ነፋስና ዝናብ ይወስደዋል፤ በቦታውም ሌላ ቤት ይሠራል። በጊዜው ያልተለካውን ርቀት ኋላ የመጣ ኮምፒዩተር አይፈጥረውም።

የሚቀረው የሰው ትዝታ ነው። ፎረንሲክ አርኪቴክቸር የተባለው የምርምር ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ሆኖ የሶርያን የሳይድናያ እስር ቤት ከእስረኞች ምስክርነት፣ ከሰሙት ድምፅ ጭምር፣ በሞዴል ሠርቶታል። እንዲህ ያለው ሥራ ለጋምቤላም ሊታሰብ ይችላል። ነገር ግን መሐንዲሱ የተለካውንና የተነገረውን በሞዴሉ ላይ ለይቶ ማመልከት ይኖርበታል፤ አለዚያ ያማረ ሥዕል ማስረጃ መስሎ ዳኛን ሊያሳስት፣ የሟቾችንም እውነት ሊያደበዝዝ ይችላል።