«ሰው አለው!»

ቀራንዮ ውስጥ ሰው የሞላበት ካፌ ገብታችሁ አንዲት ባዶ ወንበር ስትስቡ፣ ከጎን «ሰው አለው!» ተብላችሁ አታውቁም? ሰውየው ግን የለም። ወንበሩ ባዶ፣ እናንተ ቋሚ! እንግዲህ አንድ የኒውዮርክ ድርጅት በዚሁ «ሰው አለው» ተንበርክኮ ነበር።

ድርጅቱ ፓኒክስ ይባላል፤ ከከተማዋ ቀደምት የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንዱ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1996፣ በእኛ ጳጉሜ 1 ቀን 1988 ዓ.ም.፤ እዚህ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲባል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቲሲፒ ሕግ ሁለት ኮምፒውተሮች ወግ ከመጀመራቸው በፊት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ። ደንበኛው «ሲን» ይላል፤ «ልምጣ?» እንደማለት። ሰርቨሩ «ሲን-አክ» ብሎ ይጋብዘውና ወንበር ይይዝለታል። ደንበኛው «አክ» ካለ ጨዋታው ተጀመረ። የፓኒክስ አጥቂ ግን በሐሰት አድራሻ «ሲን» ብቻ ይልካል፣ ይልካል፣ ይልካል። ሰርቨሩ ለማይመጣ እንግዳ ወንበር ይዞ ሲጠብቅ ወንበሮቹ አለቁ፤ እውነተኞቹ ደንበኞች ለቀናት ደጅ ቀሩ።

መላው ሳምንታት ብቻ ነው የፈጀው። ዳንኤል በርንስታይን እና ኤሪክ ሼንክ «ሲን ኩኪ» የሚባለውን ዘዴ አበጁ። ሼንክ በፌብሩዋሪ 1997 ለሊኑክስ ሠራው፤ በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት ከተጀመረ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወንበር አትያዝ። ከአድራሻው፣ ከሰዓቱና ከምስጢር ቁልፍህ የተሰላ ቁጥር ስጠውና እርሳው። ቁጥሩን ይዞ ከተመለሰ ያኔ ወንበር ስጠው።

ግሩም! ግን ነፃ ነገር የለም። ቁጥሩ 32 ቢት ብቻ ናት። ለእንግዳው ፍላጎት የተረፈችው ቦታ 3 ቢት ነበረች፤ የመልእክቱን ትልቁን መጠን ከ8 ምርጫ በአንዱ ለመመዝገብ ብቻ የምትበቃ። ሌላው ትዕዛዙ ሁሉ ተረሳ። «መልስ ሳትጠብቅ ብዙ ላክልኝ» የሚለውም አብሮ ሄደ፤ ስለዚህ በአንድ ምልልስ ከ64 ኪሎባይት በላይ አይላክም። ከ«አክ» በኋላ ቀድሞ የሚናገረው ሰርቨሩ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ በኢሜይል፣ «አክ» መንገድ ላይ ከጠፋች ሰርቨሩ እንግዳ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ሁለቱም ዝም ብለው ይጠባበቃሉ።

አሁን አስሉት። ምልልሱ 10 ሚሊሴኮንድ ለሚፈጅበት ለሰርቨሩ ጎረቤት፣ 64 ኪሎባይት በሴኮንድ 6.4 ሜጋባይት ይሆንለታል። ሩብ ሴኮንድ ለሚፈጅበት ለሩቁ ሰው ግን 256 ኪሎባይት ብቻ። መስመራችን ቀጭን በነበረበት ዘመን ልዩነቱ አይታወቅም ነበር፤ መስመሩ ሲሰፋ ነው የሚቆጠቁጠው። አጥቂው ሌላ፣ ተከላካዩ ሌላ፣ ዕዳ ከፋዩ ግን ውቅያኖስ ማዶ ቀራንዮ የተቀመጠው!

ደግነቱ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2008 የተረሱትን ትዕዛዞች በሰዓት ምልክቱ ውስጥ ደብቆ መላክ ጀመረ። የሰዓት ምልክት ለማይጠቀም ደንበኛ ግን አሁንም አይሠራም። ስለዚህ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ኩኪውን ወንበር ሲሞላ ብቻ እንዲነሳ ተዉት፤ ሁልጊዜ አታብሩት። ሊኑክስም ሲወጣ እንዲሁ ነው የተስተካከለው። በደህና ቀን እንግዳን ማስታወስ ይሻላል፤ መርሳት ለክፉ ቀን ይቆይ።