የካሳራኒና የሩፋሮ በር

ካሳራኒ የኖርን ወገኖች እናስታውሳለን። በ1979 ዓ.ም. ለአራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በተከፈተው ስታዲየም ሙዚቃ ሲኖር፣ የመግቢያ ዋጋ ያጣን ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናዳምጥ ነበር። በሩ ዘንድ ግፊያው ሲበረታ ትዝ የሚለን ሌላ ስታዲየም ነበር፤ ይኸውም የዚምባብዌው ሩፋሮ ነው።

ሚያዝያ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በነፃነት ዋዜማ፣ ቦብ ማርሊ በዛሬዋ ሐራሬ በሩፋሮ ስታዲየም ዘፈነ። «ዎር» የተባለው ዘፈኑ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካሰሙት ንግግር የተወሰደ ነውና ሰውየው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያች ሌሊት የክብር እንግዶች ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ብዙ ሕዝብ ውጭ ቀረ። ሕዝቡ በሩን ገፋ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኮሰ፤ ጢሱም እስከ መድረኩ ዘለቀ። ዝግጅቱ ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ። በማግስቱ ምሽት ማርሊ ለሕዝቡ ዳግመኛ ዘፈነ።

የካሳራኒ በር ለስደተኛ የተከፈተበትም ቀን አለ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በናይሮቢ አፈሳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ ተያዙ፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ወረቀታቸው እስኪመረመር በዚያው ስታዲየም ታጉረው ቆዩ። ያን ጊዜ የመግቢያ ዋጋ የጠየቀ አልነበረም።

እንግዲህ በመጠለያችን የሙዚቃ ምሽት ስናሰናዳ፣ ወንበር ቢያንሰን እንኳ በሩን በማንም ላይ አንዝጋ። ውጭ መቆምንም፣ ተገዶ መግባትንም እናውቃለንና።