ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ቴክኖሎጂ ዘዬን ለምን ይስታል?

ንግግርን ሰምተው ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ሥርዓቶች በደንብ የሚለዩት የሠለጠኑበትን ዓይነት ድምፅ ነው። ለሥልጠና የቀረበው ንግግር ከአንድ ማኅበረሰብ ወይም አካባቢ ብቻ የበዛ እንደሆነ፣ ሌላው ተናጋሪ ቃሉ ተዛብቶ ይጻፍበታል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት ለዚህ ማሳያ ነው። የአማዞን፣ የአፕል፣ የጉግል፣ የአይቢኤም እና የማይክሮሶፍት ሥርዓቶች በአሜሪካ ሲፈተሹ፣ የስሕተታቸው መጠን በነጮች ንግግር በአማካይ 19 በመቶ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ንግግር ደግሞ 35 በመቶ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የተናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ተመራማሪዎቹ ለልዩነቱ በዋናነት ተጠያቂ ያደረጉት ሥርዓቶቹ ድምፅን የሚለዩበትን ክፍል ነው።

የአማርኛ ችግር የሚጀምረው ከድምፅ ክምችት ማነስ ነው። እ.አ.አ. በ2005 ለምርምር የቀረበው የአማርኛ ንግግር ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት የ20 ሰዓት ያህል ድምፅ ነበር። እ.አ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የኦፕን ኤአይ «ዊስፐር» በአንጻሩ በ680,000 ሰዓት ድምፅ ሠልጥኗል። ከዚህ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጪ ያሉት 96 ቋንቋዎች በድምሩ የተጋሩት 117,000 ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ የአነጋገር ልዩነት ይጨመራል። አንዱ «ጾም» እና «ጸጉር» የሚለውን ሌላው «ጦም» እና «ጠጉር» ይለዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን «ኢቃማ» እና «ከፊል»ን፣ በአሜሪካ የሚኖሩት «ሺፍት» እና «ኦቨርታይም»ን ከአማርኛው ጋር አዋሕደው ይናገራሉ። «አልነገርኳቸውም» የሚለው አንድ ቃልም ተናጋሪውን፣ ተነጋሪዎቹንና አሉታን በአንድነት ይዟል፤ አንዲት ድምፅ ብትሳት ትርጉሙ ይለወጣል።

ፊደሉ በትክክል ቢጻፍ እንኳ አደጋው አያበቃም። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺውን፣ ጠብቆ ሲነገር ተመቺውን ያመለክታል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ጽሑፉን ብቻ አይቶ የሚተረጉም ማሽን በዳይና ተበዳይን ሊያቀያይር ይችላል። ለፍርድ ቤት ወይም ለጥገኝነት ጉዳይ በሚሰጥ ቃል ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ዘላቂው መፍትሔ ከየአካባቢው፣ ከየዕድሜውና ከየሥራ መስኩ በተናጋሪዎች ፈቃድ ድምፅ መሰብሰብ ነው። እስከዚያው ድረስ በማሽን የተጻፈ ቃል ከመፈረሙ በፊት ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ከድምፁ ጋር ሊመሳከር ይገባል።