የድምፅ ባለቤትነት፦ ጆርጅ ማይክልና የፈረማቸው ውሎች



በታሪክ ትምህርት መድረክ ስለ ፖፕ ዘፋኝ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሳይመስል አይቀርም። የዛሬው ርእሴ ግን የሰውየው ዝና ሳይሆን የፈረማቸው ውሎች ናቸው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጆርጅ ማይክል በ1963 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከቆጵሮስ የመጡ ግሪካዊ፣ የምግብ ቤት ባለቤት ነበሩ። ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከአንድሩ ሪጅሊ ጋር «ዋም!» በሚል ስም ተጣምረው በ1982 ኢነርቪዥን ከተባለ አነስተኛ ኩባንያ ጋር ሲፈራረሙ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያ አልበማቸው በብሪታንያ አንደኛ ቢወጣም ለእነሱ የሚደርሳቸው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት ተቋጨ፤ ከዚያም በ1984 ከግዙፉ ሲቢኤስ ጋር አዲስ ውል ተፈረመ። ይህን የ1984 ውል በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ያ ዓመት ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው፤ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ብሪታንያን ባናወጠ ማግሥት፣ ማይክል ለርዳታ በተሰባሰቡት ዘፋኞች የጋራ ቀረጻ ላይ ተሳተፈ። በዚያው ታኅሣሥ የወጣውን «ላስት ክሪስማስ»ን ደግሞ ግጥሙንና ዜማውን ብቻውን ደርሶ፣ መሣሪያዎቹንም ራሱ ተጫውቶ አዘጋጅቶት ነበር። «ዋም!» ከዘፈኑ የሚያገኘውን ሮያሊቲ ለኢትዮጵያ ረሃብ መርጃ ሰጠ። ዘፈኑ ያን ጊዜ ሁለተኛ የቀረው በዚያው የርዳታ ዘፈን ተቀድሞ ነው፤ በብሪታንያ አንደኛ የወጣው በጥር 2021፣ ደራሲው ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ሆነ።

በ1987 ብቻውን ያወጣው «ፌዝ» የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ። በ1988 የጃፓኑ ሶኒ ሲቢኤስ ሪከርድስን ገዛ፤ የዘፋኙም ውል በተሻለ ክፍያ ታደሰ። በአዲሱ ውል መሠረት ኩባንያው እስከ ስምንት አልበም ሊጠይቀው፣ እስከ 2003ም ሊያቆየው ይችል ነበር። የቀረጻዎቹ መብት የኩባንያው ነው። ለአንድ የፖፕ ዘፋኝ ይህ ዕድሜ ልክ ነው ማለት ይቻላል። በ1990 በወጣው አልበሙ በመልኩ መሸጥ እንደማይፈልግ አስታወቀ፤ በቪዲዮዎቹም ላይ አልታይም አለ። ኩባንያው አልበሙን በሚገባ አላስተዋወቀልኝም ሲል አማረረ፤ በ1992ም ክስ መሠረተ።

መከራከሪያው የሰውን የሥራ ነፃነት ያለ አግባብ የሚገድብ ውል አይጸናም የሚለው የእንግሊዝ የሕግ መርሕ ነበር። በ1974 የጌቶች ምክር ቤት በዚሁ መርሕ የዜማ ደራሲውን የቶኒ ማካውሌይን ውል አላጸናም። ማካውሌይ ግን ሲፈርም የማይታወቅ ወጣት ነበር፤ ማይክል በ1988 ባለጸጋ ነው፣ በጠበቆችም የታገዘ። ዳኛው ጆናታን ፓርከር በሰኔ 1994 በሰጡት ፍርድ ክሱን ውድቅ አደረጉ። የ1988ቱ ውል የ1984ቱ እድሳት ነው፣ የ1984ቱም ክርክር የተቋጨበት ስምምነት ነው፣ እንዲህ ያለው ስምምነት እንዲከበር ደግሞ የሕዝብ ጥቅም ያስገድዳል አሉ።

በሕግ ዐይን አመክንዮው ጠንካራ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ሰነዶቹን በቅደም ተከተል ለሚያነብ የታሪክ ተማሪ ሌላ ነገር ይታየዋል። እያንዳንዱ ውል የተወለደው ከቀደመው ውል ነው፤ የመጀመሪያውን የፈረመው ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ ነው። ዝናው ክፍያውን አሻሻለለት እንጂ መውጫ በር አልከፈተለትም።

በ1995 ሌሎች ኩባንያዎች ለሶኒ ከፍለው አስለቀቁት። «ኦልደር» በ1996 ሲወጣ ከቀደመው አልበም ስድስት ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። በ2003፣ አሮጌው ውል ሊያቆየው ይችል በነበረበት በዚያው ዓመት፣ በገዛ ፈቃዱ ወደ ሶኒ ተመልሶ ፈረመ።