ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በውሃው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአምባሰል አገር አንድ ሐይቅ አየ፤ በሐይቁ መካከልም በደሴት ላይ የተቀመጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም። በጉዞ ማስታወሻው ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ የመነኮሳቱ መሻገሪያ ነው፤ ቄጠማው በእንጨት መካከል ተደርድሮ ይታሰራል፣ በአራቱ ማዕዘን ትልልቅ ቅሎች ይታሰሩበታል፣ መነኮሳቱም በዚያ ላይ ተቀምጠው ይሻገራሉ።

ዛሬ የውሃው መጠን ቀንሶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል፤ ገዳሙ በልሳነ ምድር ላይ ስለሚገኝ በእግር ይገባል። እንዲያም ሆኖ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለማየት የሚያቅድ ሰው ጉዞውን በታንኳ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ። የገዳሙን ታሪክ የሠራውም የጠበቀውም ውሃው ነውና።

ትውፊቱ የቦታውን ጅማሬ እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ስሙን ያስጠራው ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ነው። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር የተማረው ይህ መነኩሴ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ፣ ወደ ሐይቅ መጥቶ ወንበር ዘረጋ። ጸጥታ የሰፈነባት ደሴት ለጸሎት፣ ለትምህርትና ለመጻሕፍት ቅጂ ተስማማች። የሸዋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን ከመመሥረቱ በፊት ከዚህ ወንበር ተምሯል። በጣና መካከል ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረተው ኂሩተ አምላክም የኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ዳጋን የጎበኘ ሰው የሐይቅን ልጅ አይቷል፤ ወላጁን ለማየት ወደ ወሎ መምጣት ይኖርበታል። ኋላም የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በልጅነቱ ለትምህርት የተላከው ወደዚሁ ደሴት ነበር።

የደሴቱ ድምፅ ቤተ መንግሥትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን የያዘው ይኩኖ አምላክ ከኢየሱስ ሞዓ ጋር እንደተወዳጀና ለገዳሙ ርስትና ክብር እንደሰጠ ይነገራል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከንጉሡ አጠገብ ይቆም ጀመር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ከንጉሡ ዘንድ መግባት ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር።

ከዚያ ዘመን የተረፈ የጽሑፍ ምስክርም አለ። ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 81 ለገዳሙ የሰጠው አራቱ ወንጌል ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቁት የአገራችን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት መካከል ይቆጠራል። በውስጡ የራሱ የኢየሱስ ሞዓ ሥዕልና ገዳሙ የነበሩትን መጻሕፍት የሚዘረዝር ጽሑፍ ይገኛሉ።

ውሃው ለገዳሙ እንደ ቅጥር ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1531 ወይም 32 የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር ሐይቁ ዳር ሲደርስ በፈረስ የማይሻገረው ነገር ገጠመው። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ እንደሚተርከው፣ መሻገሪያ እስኪሠራ መቆየት ግድ ሆነ። በመጨረሻ መነኮሳቱ የገዳሙን ወርቅና ንብረት አስረከቡ። ያም ሁሉ አልፎ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ለእኛ ዘመን መድረሱ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዞው እንምጣ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን፣ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላም ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከደሴ ሲወጡ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ይገኛል። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው፤ ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝም ይገባበታል። ጥልቀቱ ቀልድ ስላልሆነ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ መውጣት፣ ታንኳውን ከሚገባው በላይ ሰው አለመጫን፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት መጠየቅ ተገቢ ነው። ዋጋውን ከቀዛፊው ጋር ሳይሳፈሩ መነጋገር፣ መመለሻውንም አብሮ መዋዋል ይበጃል።

ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። የታንኳው ጉዞ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በአንድ ታንኳ ተቀምጠው በዛፍ የተሸፈነውን የገዳሙን ዳርቻ አብረው ያያሉ። ወንዶቹ ሲወርዱም ሥርዐቱን ጠብቀው፣ አባቶችን አስፈቅደው ይግቡ፤ ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሡ። ለክብረ በዓል መምጣት ለሚፈልግ የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ኅዳር 26 ቀን ይውላል። ጊዜ ያለው ሰው በማግስቱ በዚያው መንገድ ወደ ሰሜን ቢቀጥል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበትን ይስማ ንጉሥን ያያል። የግሸን ማርያም አምባም በዚሁ በአምባሰል ነው።

በሌላው ዓለም በውሃ ላይ የሚደረግ የታሪክ ጉብኝት ትልቅ ሙያ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቆፈሩት የአምስተርዳም ቦዮች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ጎብኚም ከተማዋን ከጀልባ ላይ ሆኖ እያየ ታሪኳን ይሰማል። የሐይቅ ትምህርት ቤት ከእነዚያ ቦዮች በአራት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ይሁንና ወሎን አቋርጦ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ጊዜ በሐይቅ ከተማ ዓሣ በልቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ ያ የሚበላው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እንኳ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ስለዚህ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለገዳሙ አባቶችና ለሐይቁ ዳር ወጣቶች አንድ አደራ አለኝ። ደኅንነቱ የተጠበቀ መሳፈሪያ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ታሪኩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቀዛፊና ቁርጥ ያለ ዋጋ ይኑር። ደለሉና የውሃው መቀነስም ትኩረት ይሻሉ፤ ሐይቁ ከሸሸ መሻገሪያውም አብሮ ይቀራልና። አንባቢዬ ሆይ፣ እርስዎም በወሎ መንገድ ሲያልፉ ግማሽ ቀን ይመድቡ፤ ልጆችዎን ይዘው በታንኳ ይሻገሩ፤ የዚህን ወንበር ታሪክም በቦታው ሆነው ይንገሯቸው።