ከመውጣት ወደ መግባት፦ የመጸዳጃ ስሞች በሐይቅና በአምባሰል

እዳሪ መውጣት፣ ደጅ መውጣት፣ ሜዳ መውጣት፣ ወንዝ መውረድ፣ ወደ ጓሮ ዞር ማለት። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያሉት እነዚህ የቆዩ አነጋገሮች ሁሉም ሰውን ከቤት ያስወጡታል። ሥራውን የሚጠራ አንድም የለም፤ የሚጠሩት ቦታውንና መንገዱን ብቻ ነው። እዳሪ ያልታረሰ፣ ጦም ያደረ መሬትም ነው፤ ስለዚህ ማንም ያልዘራበት፣ ማንም የማይመላለስበት ቦታ ማለት ይሆናል።

በሐይቅ ዙሪያም ሆነ በአምባሰል ተዳፋቶች ይህ አነጋገር የመስተንግዶ አካል ነው። አባወራው ቤቱ ያደረውን እንግዳ ከመኝታ በፊት «ወጣ አይሉም?» ይለዋል። ባትሪውን ይዞ፣ ውሻውን እየገሠጸ እስከ አጥሩ ጥግ ይሸኘዋል፤ እዚያ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ራቅ ብሎ ይቆማል። እንግዳው ምን ሊያደርግ እንደወጣ ሲሄዱም ሲመለሱም አይነሳም።

ሐይቅና አምባሰል ያሉበት ወሎ ሁለት ሃይማኖት በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት የሚኖሩበት አገር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ቃላቸው የታረመ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሳኦል ዳዊት ወደተሸሸገበት ዋሻ የገባበትን ምክንያት ሲናገር «ወገቡን ሊሞክር» የሚለውን ይጠቀማል። ዛሬም ከአረጋውያን አፍ የሚሰማ አነጋገር ነው። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ ሠራዊት በሰፈረ ጊዜ ቦታው ከሰፈር ውጭ እንዲሆን፣ መቆፈሪያ ተይዞ እንዲወጣና አፈር እንዲመለስበት ያዛል። ቁርኣንም ስለ ውዱእና ስለ ተየሙም ሲደነግግ የሚጠቀመው «ጋኢጥ» ዝቅ ያለ ስፍራ፣ ሰርጥ ማለት ነው፤ ሰው ከዓይን ለመሰወር ይወርድበት የነበረ ቦታ። ከሐዲሶቹ አንዱ በመንገድ፣ በጥላና ውሃ በሚቀዳበት ቦታ መጸዳዳትን ያወግዛል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ በዳና ይሁን በጌታ፣ ፊቅህ (የሃይማኖቱን ሕግ) ሊቀራ የተቀመጠ ደረሳ የመጀመሪያ ምዕራፉ ጠሃራ፣ ማለትም ንጽሕና ነው፤ እንዴት ይገባል፣ በየትኛው እግር ይገባል፣ ወዴት ፊት አይዞርም፣ በምን ይታጠባል የሚለውን ከሶላት አስቀድሞ ይማራል። ውሃ የሞላ ጆግ ከሙስሊሙ ደጅ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። የንጽሕና ትምህርት ወደ ወሎ በመንግሥት ፖስተር እንደመጣ አድርጎ መናገር ትልቅ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጨዋነት የተሠራው መቼም ቢሆን መውጣት ለሚችል ሰው ነው። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ ስትወጣ መታየቷ ነውር ነው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ካልሆነም እስኪመሽ ትጠብቃለች። በመካከሉ ያለውን ቀን ውሃ ሳትጠጣ፣ ምግብ ቀንሳ፣ ሆዷን ይዛ ታሳልፈዋለች። ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ፣ ገደል አለ፣ ከጅብ የከፋ ሰውም አለ። ነፍሰ ጡርም አራስም ብትሆን ያው ናት። «ወጣ ብዬ ልምጣ» የሚለው ለስላሳ ቃል ይህን ሁሉ ሸፍኖ ኖሯል። የወንድና የሴት አነጋገር አንድ ነበር፤ የወንድና የሴት ሰዓት ግን አንድ አልነበረም።

ቤት ያለው ስም የመጣው ዘግይቶ ነው። ሽንት ቤት፣ ሰገራ ቤት፣ መጸዳጃ ቤት የከተማ ቃላት ናቸው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የውጫሌ ውል የተፈረመባት ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ወርሮ አምስት ዓመት ሲቆይ ከመንገዱና ከድልድዩ ጋር ባኞ፣ ቱቦ፣ ላቫንዲኖ የሚሉ ቃላትን ትቶ ሄዷል። ባኞ በጣሊያንኛ መታጠቢያ ነው፤ እኛም «ባኞ ቤት» ብለን ለመታጠቢያውም ለመጸዳጃውም አዋልነው። ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው፤ የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ሰው «ኔቲ»፣ የአውስትራሊያ ገበሬ «ደኒ» ሲል፣ አሜሪካዊው ማረፊያ ክፍል ይለዋል፤ የሚያርፍበት ግን የለም።

ከስሙ ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የሠለጠነው ሰው ግን ጥቂት፣ አገሩ ደግሞ ሰፊ ነበር። ነገሩ በገጠር በእውነት የተነቃነቀው በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመርና በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ሲመደቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ግምት በ1990 እ.ኤ.አ. ከመቶ ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ የሚጸዳዳውን ሰው ድርሻ በመቀነስ በዓለም ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በአማራ ክልል ዓይን የሚያጠፋውን ትራኮማ ለመከላከል የካርተር ማዕከል ያገዘው የጉድጓድ ሽንት ቤት ዘመቻም ከታቀደው በብዙ እጥፍ ተሠርቶበታል። የማዕከሉ መሥራች ጂሚ ካርተር ምክንያቱን ሲጠየቁ ደጋግመው ያነሱት ዝንቡን ሳይሆን ሴቶቹን ነበር፤ እስኪመሽ መጠበቅ የሰለቻቸው ሴቶች ባሎቻቸውን አስቆፈሩ።

ከ1999 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሌላ ዘዴ ተጨመረ። በባንግላዴሽ በልማት ባለሙያው ካማል ካር የተጀመረው ይህ አሠራር ነገሩ በለስላሳ ስም እንዳይጠራ አጥብቆ ይመክራል። የመንደሩ ሰው ይሰበሰባል፤ መሬት ላይ የሰፈሩ ካርታ ይሣላል፤ እያንዳንዱ የሚወጣበትን ቦታ በአመድ ወይም በቢጫ ዱቄት ያመለክታል። ከዚያ አብረው ወደ ቦታው ይሄዳሉ። ምግብና ዓይነ ምድር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ዝንቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያርፍ ሁሉም ያያል። በታላላቆች ፊት ከአፉ ነውር ላላወጣ ሰው ይህ ከባድ ስብሰባ ነው። እኔ እዚህ ላይ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጎን እቆማለሁ፤ ግን ሽማግሌ ፊት ስድብ የሚመስለውን አጭር ቃል እንድትጠቀም አልሻም። ዓይነ ምድር ወይም ሰገራ ብላ በግልጽ መናገር ትችላለች። ያንቀሳቀሰው የቃሉ ሻካራነት አይደለም፤ ዝንቡን በዓይን ማየቱ ነው።

የሚጎዳው ሽፍንፍን ሌላ ነው፤ ከመንደር ሳይሆን ከቢሮ የሚመጣው። ለዓመታት ኮሌራ የሚለው ስም ሳይነሳ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ ባጭሩ «አተት» ሲባል ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. በአማራ ክልል የታየው ወረርሽኝ ግን በስሙ ኮሌራ ተብሎ ተነገረ፤ መሆን የነበረበትም ይኸው ነው። የመንደሩ «አስቀመጠው» የታመመውን ሰው ክብር ይጠብቃል፤ ጎረቤትም ምን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የቢሮው ስም ግን ማወቅ ያለበትን ሰው ያዘናጋል።

ለሐይቅ ሰው ነገሩ የውሃም ነው። ሐይቁ ገባር እንጂ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም፤ ክረምት ከዳገቱ ያጠበው ሁሉ እዚያው ይቀራል። «ወንዝ ልውረድ» የሚለው አነጋገር ሰዉ ጥቂት በነበረ ጊዜ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ ዛሬ ከወንዙ በታች ከተማ አለ፣ ዓሣ የሚያጠምድ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ። በአምባሰል ደግሞ ግሸን ማርያም አለች። መስከረም 21 ምእመናን ከየአገሩ ወደዚያ ገደላም አምባ ይወጣሉ፤ ድንጋይ በሆነ ተራራ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ቀላል አይደለም፤ ቅዱሱ ስፍራ እንዳይረክስ የሚጨነቁት ሴቶች ውሃ እየቀነሱ ዳገቱን ይወጣሉ። የክብረ በዓሉ ዝግጅት ሲነገር መንገዱና ጸጥታው እንደሚነሳ ሁሉ መጸዳጃውም በስሙ፣ ለሴቶች ስንት፣ ለወንዶች ስንት፣ ውሃው ከየት ተብሎ ሊነሳ ይገባል።

ዛሬ በብዙ ግቢ ጥግ ላይ በቆርቆሮ ወይም በጭቃ የተሠራች ጠባብ ቤት አለች፤ በሯ አጠገብ ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ በገመድ ተንጠልጥሏል። አነጋገሩም ከእሷ ጋር ተለውጧል፤ ልጆቹ «ሽንት ቤት ልግባ» ይላሉ። ትምህርት ቤት ግን አሁንም «ቲቸር፣ ልውጣ?» ነው። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ በር የሌለው ወይም ውሃ የሌለው ከሆነ፣ በወር አበባዋ ጊዜ ያለች ተማሪ ያን ጥያቄ ሳትጠይቅ ቤቷ ትቀራለች።