ጥንቸል ያልገባችበት ግቢ

ከንፋስ መውጫ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ባለው የጋይንት ደጋ በሬ፣ በግና በቅሎ ለዘመናት በግቢ ሲቀለቡ ጥንቸል የዱር ሆና ቀረች። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከኦሪት ይጠቀሳል፤ ዘሌዋውያን 11 ብታመሰኳም ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ርኩስ ናት ይላል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ገደማ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ በዚያው ሕግ የተከለከለውን የእሪያን ሥጋ አለመብላት የኦሪት ግዴታ እንዳልሆነ ቢያስረዱም፣ ልማዱ ከክርክሩ በልጦ ኖረ። ሕጉ ብቻውን ግን በቂ ምክንያት አይመስለኝም። በቅሎም አትበላም፤ ሆኖም ገብስ ይሰፈርላታል፣ ሰው ትሸከማለችና። ጥንቸል ማዕዱ ከተዘጋባት ሌላ ሥራ አልነበራትም።

ታዲያ የጋይንት ሰው ዛሬ ጥንቸል በቤቴ ላርባ ቢል አቀላለቧን ከየት ያውቃል የሚል ይኖራል። እኔ እውቀቱ በበቅሎ ቀለብ ውስጥ አለ እላለሁ። ሁለቱም ሣሩን የሚያብላሉት እንደ በሬ በጨጓራ ሳይሆን በኋለኛው አንጀት ነው። (ጥንቸል በእውነቱ አታመሰኳም፤ ለስላሳ ፋንድያዋን መልሳ ትበላለች፤ አፏም ዘወትር ስለሚንቀሳቀስ የምታመሰኳ ትመስላለች።) ገብስ የበዛባት በቅሎ ሆዷን እንደምትታመም ባለቤቷ ያውቃል፤ ጥንቸልም እንዲሁ ናት። ልዩነቱ በቅሎ እህሉን በጉዞ ስታቃጥለው፣ የቤት ጥንቸል ተቀምጣ መዋሏ ነው። ስለዚህ ዋና ምግቧ በለጋነቱ ታጭዶ የደረቀ ድርቆሽ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድገውን ጥርሷንም የሚሞርድላት እርሱ ነው። የጤፍ ጭድ አይተካውም። ካሮት በሥዕል ከእጇ ባይለይም ስኳር አለበትና ቁራሽ ይበቃታል።